አድናቂ ሲጨፍርበት ዘፋኙም እንዲከፈለው

ወጣቶች በዘፈናችሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ እስክስታ ሲወርዱበት፣ ሙሽሮች የሠርግ ቪዲዮ ሲያጅቡበት ማስታወቂያው በነፃ ይሠራል። ክፍያው ግን የሚወሰነው ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት ነው።

በውል ጀምሩ። ለግጥም፣ ለዜማና ለቅንብር ባለቤቶች ከዲጂታል ገቢው ስንት በመቶ እንደሚደርስ በጽሑፍ ተፈራረሙ። ከኢንተርኔት የተገዛ ቢት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቅንብር) ካለ ለእናንተ ብቻ የተሸጠ መሆኑን አረጋግጡ። ለሌሎችም የተሸጠ ከሆነ በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (የተመዘገበ ዘፈን ያለበትን ቪዲዮ በራሱ የሚለይ ሲስተም) ማስመዝገብ አይፈቀድም፤ ቢመዘገብ ሲስተሙ በዚያው ቢት የዘፈነ ሌላ ሰው ላይ ክሌይም (የባለቤትነት ጥያቄ) ይጥላል። የሕዝብ ዜማም ከሆነ የእናንተ የሚሆነው ያስቀረፃችሁት ድምፅ ነው እንጂ ዜማው አይደለም።

ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ዘፈኑን እንደ ዲስትሮኪድ ወይም ቲዩንኮር ላለ፣ ለስፖቲፋይና ለመሳሰሉት ለሚያደርስ አከፋፋይ አስረክቡ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው እዚህ ላይ ነው፦ ኮንቴንት አይዲ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚመረጥ አገልግሎት ነው። ዘፈኑ ስፖቲፋይ ላይ ወጣ ማለት በዩቲዩብ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ዘግይታችሁ ብታስመዘግቡ፣ ከክሌይሙ በፊት የታየው እይታ ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም።

ለቲክቶክ ክሊፑ የሚጀምርበትን ሰከንድ ራሳችሁ ምረጡ። ብዙ የአማርኛ ዘፈን ረጅም መግቢያ ስላለው፣ ካልመረጣችሁ ጨፋሪው የሚያገኘው መሲንቆውን ብቻ ሊሆን ይችላል። አዝማቹ ወይም ምቱ የሚገባበት ቦታ ይሻላል። ሲለቀቅም የኦፊሴላዊውን ሳውንድ (ቲክቶክ ላይ በስማችሁ የወጣውን የዘፈኑን ድምፅ) ሊንክ ለጨፋሪዎች ቶሎ ላኩ። አለበለዚያ አንዱ ከስልኩ ቀድቶ ይጭነዋል፤ ሌሎች ያንን ይከተላሉ፣ ቪዲዮዎቹም በእናንተ ስም ሳይቆጠሩ ይበተናሉ።

ዩቲዩብ ላይ ኮንቴንት አይዲ ሦስት ምርጫ አለው፦ ገቢ መሰብሰብ፣ መከታተል፣ ማገድ። የአድናቂን ቪዲዮ ማገድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሚያስተዋውቃችሁን ሰው ታስቀይማላችሁ፣ ገቢውም ይቀራል። ገቢ መሰብሰብን ምረጡ። በሾርትስ (በዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች) አሠራሩ ይለያል፦ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ወዲህ አንድ ዘፈን የተጠቀመ ሾርት ከሚያስገኘው ገቢ ግማሹ፣ ሁለት ከተጠቀመ ሁለት ሦስተኛው ለሙዚቃ ፈቃድ ይመደባል።

የራሳችሁን ቻናል ከክሌይም ነፃ እንዲያደርግላችሁ ለአከፋፋዩ ንገሩት። ሰው ክሌይሙን ከተቃወመ ደግሞ ምላሽ መስጫው 30 ቀን ነው፤ ዝም ካላችሁ ክሌይሙ ይነሳል። ስለዚህ የአከፋፋዩን ኢሜይል በየሳምንቱ እዩ።