ፈሊጥን በአካል ክፍል አስጠኑ

ልጆቻችሁን ውጭ አገር አማርኛ የምታስተምሩ ወላጆች፣ የጠቀመኝን ነገር ላካፍላችሁ። እህቴ «ሆድ ባሰኝ» ስትል አሜሪካ የተወለደችው ልጇ ሮጣ የሆድ መድኃኒት አመጣችላት። ልጅቷ ሁለቱንም ቃል ታውቃለች። የማታውቀው ሲጣመሩ «ከፋኝ» ማለት እንደሚሆኑ ነው።

ስለዚህ ፈሊጦችን አንድ በአንድ ከማሸምደድ በአካል ክፍል ሰብስባችሁ አስጠኗቸው። በአማርኛ ሆድ የስሜትና የምስጢር ማደሪያ ነው፤ ይህን አንዴ ከያዙ «ሆዴ ባባ»፣ «ሆደ ሰፊ»፣ «የሆዴን አጫወትኩት» የሚሉትን ራሳቸው ይደርሱባቸዋል። ልብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ማስተዋል ያደላል፦ «ልብ በል»፣ «ልብ ገዛ»።

አባባሉ ፈሊጥ መሆኑን ለማወቅ አንዱን ቃል በተመሳሳዩ ቀይራችሁ ሞክሩት። «ልብ ገዛ» ማለት በሰለ፣ አደብ ያዘ ነው፤ «ልብ ሸመተ» ስትሉት ግን ትርጉሙ ድራሹ ይጠፋል። «ፊት ነሳኝ»ም እንዲሁ ነው፤ «ፊት ከለከለኝ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም።

እንደ «እጀ አመድ አፋሽ» ያሉት በአካል ክፍል በመሰብሰብ ብቻ አይፈቱም። ለእነሱ፣ ደግ ውሎ ምስጋና ስላጣ ሰው አጭር ታሪክ ንገሯቸውና ፈሊጡን መጨረሻ ላይ ጣል አድርጉት።