ኤላት ባሕር ውስጥ በትንሽ ካሜራ ቪዲዮ ስትቀርጹ

ባሕር ውስጥ ቪዲዮ እንደምቀርጽ ያወቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «መብራት አለህ ወይ?» እላለሁ። ውኃ ቀይ ቀለምን ይውጣል። ገና 5 ሜትር ሳይሞላ አብዛኛው ቀይ ሄዷል። እዚህ ኤላት፣ በእስራኤል የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ኮራሉ ላይ የሚርመሰመሱት ብርቱካናማ አንቲያስ ዓሦች 10 ሜትር ላይ ስትቀርጿቸው አመድ የመሰለ ሰማያዊ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራው ውድ ቢሆንም ይኸው ነው፤ ቀለሙን የሚመልሰው በቅርብ የሚበራ መብራት ነው።

ስለ ካሜራው በአጭሩ ልናገር። በስኖርክል፣ ማለትም በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ወለል ሳይርቅ እየዋኘ፣ ለሚጀምር ሰው ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ይበቃዋል። ያለምንም መያዣ እስከ 15 ሜትር ይወርዳል። ትንንሽ ነገር በቅርብ ሲቀርጽማ አይታማም። ቪዲዮ ላይ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በእጅ ማስተካከል አለመቻሉ ግን ያናድደኛል። ከፍ ያለ ጥራት የሚፈልግ የሶኒ አርኤክስ100ን ወይም የካኖን ጂ7ኤክስን ዘር ይመልከት። እነዚህ ሀውዚንግ የሚባለው ውኃ የማያስገባ መያዣ የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱም አንዳንዴ የካሜራውን ያህል ያስወጣል። ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ የተረፈውን ብር መብራት ላይ ማዋል ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሴቲንጉ ብዙ አያስጨንቅም። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከሆነ ሸተሩ 1/50 ሰከንድ፣ 30 ከሆነ 1/60 ይሁን። አይኤስኦው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከ1600 ባይበልጥ ይሻላል፤ ከበለጠ ጨለማው ክፍል ላይ ነጠብጣብ ይበዛል። ዙሙን እርሱት። በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውኃ በራሱ ቀለም ስለሚበላ፣ ከአንድ ሜትር በታች ቀረብ በሉ። ፎከስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አስይዛችሁ ቆልፉት። አለበለዚያ ካሜራው ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ እያሳደደ ምስሉን ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል።

ዋናው ሥራ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጭ የቱ እንደሆነ ለካሜራው አሳይቶ ቀለሙን ማስተካከል፣ ነው። አውቶ ላይ አትተዉት። እኔ ጃኬቴ ላይ በገመድ የታሰረች ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለችኝ፤ ጠላቂዎች ውኃ ውስጥ የሚጽፉባት ዓይነት። የምቀርጽበት ጥልቀት ላይ ስደርስ ፀሐይን ከኋላዬ አደርጋለሁ። ሰሌዳዋን እጄን ዘርግቼ ወደ ፊት እይዛትና ስክሪኑን እስክትሞላ አቀርባታለሁ። ጥላዬ እንዳያርፍባት አይቼ የዋይት ባላንሱን ቁልፍ እጫናለሁ። ሰማያዊ የነበረው ሰሌዳ ዓይኔ እያየ ነጭ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ሜትር በወረድኩ ወይም በወጣሁ ቁጥር እደግመዋለሁ። 15 ሜትር ላይ ባስተካከላችሁት 4 ሜትር ላይ ብትቀርጹ ሁሉም ነገር ቀይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሌንሱ ፊት የሚገጠም ቀይ ፊልተርም ይረዳል፤ ፀሐይ ባለበት፣ በግምት ከ5 እስከ 15 ሜትር። ብርሃን ስለሚቀንስ ከዚያ በታች ብዙ አይጠቅምም። መብራት ስታበሩ ግን ፊልተሩን አውልቁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

መብራት ስትገዙ የፎቶ ፍላሽ ሳይሆን የቪዲዮ መብራት በሉ። ብርሃኑ ሰፊ፣ 120 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን፣ ጉልበቱም ከ2000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ባያንስ ጥሩ ነው። ሁለት ከሆነ ግራና ቀኝ በእጀታ አርቃችሁ ስቀሉት። ከሌንሱ አጠገብ ካደረጋችሁት ብናኙ አብርቶ በረዶ የሚዘንብ ያስመስለዋል። መብራት ሩቅ አይደርስም፤ ይህን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚህ ኤላት ሆን ተብሎ እንድትሰጥም የተደረገችውን ሳቲል የምትባል የጦር መርከብ ሙሉዋን ለመቅረጽ ስትፈልጉ መብራቱን አጥፉና በዋይት ባላንሱ ሥሩ። መብራቱ የሚጠቅመው ውስጧ የተደበቀውን የአንበሳ ዓሣ ስትጠጉ ነው።

ሜሞሪ ካርዱ ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት የተጻፈበት ይሁን። 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል።

ሀውዚንጉን የምዘጋው ቤት ውስጥ፣ ኤሲ ያለበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ነው። ባሕሩ ዳር በሙቀት ከዘጋችሁት ውስጡ የቀረው እርጥበት ውኃው ሲያቀዘቅዘው መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል። ኦሪንጉን፣ ውኃ እንዳይገባ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት፣ አውጥቼ በጣቶቼ መካከል ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ፍሬ ከተገኘች በጣት ትታወቃለች። ከዚያ ግሪስ፣ እንዲያብለጨልጭ ያህል ብቻ። ግሪሱ ውኃ አያግድም፤ ላስቲኩን ያለሰልሳል እንጂ። ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል። አዲስ ሀውዚንግ ከሆነ መጀመሪያ ባዶውን፣ ሶፍት ከትታችሁበት ይዛችሁት ውረዱ። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ካሜራው ይግባ።

ከባሕር ስትወጡ ወዲያው አትክፈቱት። ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ጨው እንዳይቀርባቸው። ከዚያም ሀውዚንጉንም ፀጉራችሁንም በደንብ አድርቁ። ሲከፈት ካሜራው ላይ ጠብ የሚለው ብዙ ጊዜ ከራስ ፀጉር የሚወርደው ውኃ ነው።