በፊሊፒንስ ትንሽ ከተማ የልጅነት ሰፈራችሁን ለማግኘት ከፕላዛው ጀምሩ

ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለሱ የስልክ ካርታ የድሮውን ቤት ላያገኝላችሁ ይችላል። የመንገድ ስም ይቀየራል፤ በድሮ አድራሻ ላይ "ባሪዮ" (እንደ ቀበሌ ያለ ትንሹ የአስተዳደር ክፍል) የተባለውም እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ "ባራንጋይ" ነው፣ ስለዚህ ፍለጋውን በአዲሱ አጠራር ሞክሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፕላዛው፣ ማለትም የከተማው ዋና አደባባይ፣ ነው። በስፔን ዘመን የተቆረቆሩ ከተሞች ቤተ ክርስቲያናቸውና ማዘጋጃ ቤታቸው ብዙውን ጊዜ አደባባዩ ዙሪያ ናቸው፤ ሱቁና ቤቱ ሲለዋወጥ እነሱ በአብዛኛው እዚያው ይቆያሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ጀርባ ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ያኔ ወደ ቀኝ ነበር የምትታጠፉት ወይስ ወደ ግራ? ከዚያ በእግር ሂዱ። አቅጣጫውን እንጂ ርቀቱን አትመኑ፣ ለልጅ እግር ሁሉም ሩቅ ነው።

ሰፈሩ ስትደርሱ በባራንጋይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሳሪ ሳሪ (በትንሽ የሰፈር) ሱቅ ጠይቁ። የቤት ቁጥር ብዙም አይጠቅምም፤ የቤተሰቡን ስምና ፑሮኩን፣ ማለትም የሰፈሩን ክፍል፣ ተናገሩ።

ዘዴው የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። የድሮዋ የፓንታባንጋን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በግድብ ውሃ ተውጣለች። የባኮሎር ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፒናቱቦ ተራራ በወረደ የእሳተ ገሞራ ጭቃ ስለተቀበረች ቤተ ክርስቲያኗ እስከ ግማሽ ቁመቷ መሬት ውስጥ ናት፤ እዚያ አካባቢውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ።