አይሲውን ከመግጠማችሁ በፊት፦ የአምፕሊፋየር ቮልቴጅ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

የአምፕሊፋየር አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) በቮልቴጅ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአይሲው አይደለም። ሠሪው ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ፣ ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ ካለው ትልቁ ቁጥር ጋር አስተያይቶ «ይችለዋል» ብሎ ገጥሞታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ስሌት ግን ዘሎታል።

ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን እንዳለ ማመን

የተጻፈው የኤሲ ቮልት ነው፤ ያውም ትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሚሰጠው። በዳዮድና በካፓሲተር ካለፈ በኋላ ዲሲው የዚያ 1.41 እጥፍ እንደሚሆን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ጭነት ሳይኖርባቸው ከተጻፈባቸው በ10 በመቶ፣ አንዳንዴም በ15 በመቶ ይበልጣሉ። የመስመሩ መብራትም በ10 በመቶ ከፍ የሚልበት ሰዓት አለ። ሁለቱ 10 በመቶዎች ሲባዙ 1.21 ይሆናሉ።

12-0-12 የሚል ትራንስፎርመር እንውሰድ፤ መሃሉ ዜሮ፣ በሁለቱም ጎን 12 ቮልት ማለት ነው። 12 በ1.41 ሲባዛ 17 ቮልት ገደማ ነው፤ ቲዲኤ2030 የሚባለው አይሲ እስከ ±18 (በአንዱ መስመር ከዜሮ በላይ 18፣ በሌላው ከዜሮ በታች 18 ቮልት) ስለሚችል የሚበቃ ይመስላል። 17ን በ1.21 አባዙት፦ 20.5። የዳዮዱን 0.7 ቀንሱ፦ ±19.8። አይሲው ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ «ኤ» ያለበት ቲዲኤ2030ኤ ግን እስከ ±22 ስለሚችል በዚያው ትራንስፎርመር ያለ ችግር ይሠራል። እዚህ ላይ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፣ አንብቧት። አይሲው የሚሄደው ደግሞ ድምፅ ከፍ ባለ ጊዜ ላይሆን ይችላል። ሙዚቃ ቆሞ፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ባለበት ሰዓት ጸጥ ብሎ ይቃጠላል።

በዚሁ ስሌት 9-0-9 እስከ ±14.7፣ 15-0-15 እስከ ±25፣ 18-0-18 እስከ ±30፣ 24-0-24 ደግሞ እስከ ±40 ይደርሳል። ቲዲኤ2050 ጣሪያው ±25 ስለሆነ 15-0-15 ጫፉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ትራንስፎርመር በድምሩ 60 ቮልት የሚችለውን ኤልኤም1875 መግጠም ይሻላል። ቲዲኤ7294 ሲሠራ ጣሪያው ±40 ነው፤ ዳታሺቱ ላይ ያለው ±50 ሲግናል በሌለበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ አትመኩበት። ኤልኤም3886 ሲግናል እያለ በድምሩ 84 ቮልት ይችላል፤ በ24-0-24 ወደ 80 ስለሚደርስ ይችለዋል። ትራንስፎርመሩ ያለ ጭነት በ15 በመቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ግን 84ን ያልፋል።

ድምሩን ለአንድ መስመር መቁጠር

84 ቮልት ማለት ±42 ነው፣ ±84 አይደለም።

«ቮልት ከጨመርኩ ድምፅ ይጨምራል»

ይህ ነው ትዕግሥት የሚያስጨርሰው። ኤልኤም3886 በ±28 በደንብ እየሠራ ሳለ «አቅሙ ገና ነው» ተብሎ ወደ ±35 ይወሰዳል። ጥቅሙ ምን ያህል ነው? 1.9 ዴሲቤል። ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ጭማሪ ነው። አይሲው የሚያወጣው ሙቀት ግን ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ በ56 በመቶ ይጨምራል።

የሙቀቱ ሒሳብ ቀላል ነው፦ የሁለቱን መስመሮች ድምር በራሱ አባዙ፣ ከዚያ ለ19.7 እና ለስፒከሩ ኦም ብዜት አካፍሉ። በ±28 እና በ4 ኦም፣ 56 ሲባዛ በ56 ሲካፈል ለ78.8 ወደ 40 ዋት ሙቀት ይሰጣል። በ±35 እና በ4 ኦም 62 ዋት ይሆናል። ያለ ሲግናል የሚበላው 3 ዋት ገደማ ሲጨመርበት፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው በዋት 1.7 ዲግሪ የሚሆን ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ አሉሚኒየም) ይፈልጋል፤ ሁለተኛው 0.7። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሂትሲንኩ ይተልቃል። ይህ ለአንድ ቻናል ብቻ ነው፤ 0.7 ደግሞ ከጠቅላላው ሣጥን የሚከብድ አሉሚኒየም ነው። በ8 ኦም ግን ±35 ወደ 31 ዋት ይወርዳል፣ ችግር የለውም።

ስለዚህ የኤልኤም3886ን ቮልቴጅ የሚወስነው ስፒከሩ ነው፦ 4 ኦም ከሆነ ±28 አካባቢ፣ 8 ኦም ከሆነ ±35። ይህን ያለፈ አምፕሊፋየር ባስ ሲመታ ይንጣጣል። የሚንጣጣው የአይሲው መከላከያ እየያዘና እየለቀቀ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ ግን «አይሲው ፌክ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ያም ይንጣጣል።

የካፓሲተሩን ቮልት መናቅ

25 ቮልት ካፓሲተር 25 ቮልት ላይ አይቀመጥም። ለ±25 የ35፣ ለ±35 የ50፣ ለ±40 የ63 ቮልት።

የአይሲውን ጀርባ በቀጥታ ሂትሲንኩ ላይ ማሰር

የቲዲኤ2030፣ የቲዲኤ2050፣ የቲዲኤ7294 እና የኤልኤም3886ቲ ጀርባ ከኔጌቲቩ መስመር ጋር የተገናኘ ነው። ሂትሲንኩ ግራውንድ የሆነውን ሣጥን ከነካ የኔጌቲቩ መስመር ሾርት ሆነ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፉትን ማይካና የፕላስቲክ ቡሽ አድርጉበት፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ኤልኤም3886ቲኤፍ ግን ጀርባው የተሸፈነ ነው።

ሁለት ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ማገጣጠም

± ለማግኘት ሁለት ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ በተከታታይ ይያያዛሉ። ይህ የሚሠራው የሁለቱም ውጤት ከመሬት ሽቦ ነጻ ከሆነ ብቻ ነው። የሁለቱም ኔጌቲቭ በውስጥ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሲያያዙ አንደኛው ሾርት ይሆናል። ከመያያዛቸው በፊት ከእያንዳንዱ ኔጌቲቭ እስከ መሬቱ ፒን ድረስ በቴስተር ለኩ። ቲፒኤ3116 የሚባለው አይሲ ላይ ደግሞ ባለ 24ቱ አንድ ይበቃል፤ ጣሪያው 26 ስለሆነ የፓወር ሰፕላዩን የቮልት ማስተካከያ ብሎን አትንኳት።

ሳይለኩ ማብራት

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ያለ አይሲ አብሩና ለኩ። የምታዩት ትልቁ ቮልቴጅ ይኸው ነው፤ የመስመሩ ጭማሪ ብቻ ይቀረዋል። ከዚያ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጉት፦ 10,000 ማይክሮፋራድ በ40 ቮልት ላይ ሲሞላ ብሎን ለማቅለጥ ባይበቃም አይሲ ለማቃጠል ይበቃል። 100 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በሴኮንዶች ውስጥ ያወርደዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ 2.2 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ብትተዉ ደግሞ መብራት በጠፋ በሁለት ደቂቃ ገደማ ራሱ ይወርዳል።

አይሲው ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ማብራት ከግድግዳው ወደ ትራንስፎርመሩ በሚመጣው መስመር ላይ በተከታታይ በገባ የ60 ዋት ክር አምፖል ይሁን። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ አጥፉና ሾርቱን ፈልጉ። ከደበዘዘም በኋላ ስፒከር ሳይገናኝ የውጤቱን ዲሲ ለኩ፤ ከ100 ሚሊቮልት በላይ ካነበባችሁ ስፒከሩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ይቆይ።