ባለ ጥለት ቢላ ሲቀጠቀጥ

እዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ስህተት ብረቱን ማቃጠል ነው። ለዚህ ቢላ የምንይዘው፣ ድሮ ደቡብ ህንድና ስሪላንካ በሸክላ ማቅለጫ ያወጡት የነበረው፣ «ዉትስ» የሚባለው ስቲል ካርቦኑ 1.5 በመቶ አካባቢ ነው። እንደ መኪና ባሌስትራ አትዩት። ነጭ እስኪሆን ካጋላችሁት መዶሻ ስር እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

ስለዚህ ቀለሙን ተከተሉ። የአዳማ ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለም በደንብ አያሳይም፤ እኔ የምቀጠቅጠው አመሻሽ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ብርቱካናማ ሲሆን ከፍሙ አውጡት፣ ምቱት፣ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ሲወርድ ደግሞ አቁሙና ወደ እሳቱ መልሱት። መጀመሪያ ላይ ምቱ ለስለስ ይበል። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው በሞረድ አጥፏት፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ትሄዳለች። አንድ ጥሩ ቢላ በዚህ አጥቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማጋሉና መምታቱ ደጋግሞ ይመጣል፤ እጅ ይዝላል፤ ግን ጥለቱ ከውጭ የሚሳል ነገር አይደለም፣ ጠንካራዎቹ ካርባይዶች (ብረትና ካርቦን ተዋህደው የሚፈጥሯቸው ቅንጣቶች) መስመር ይዘው የሚሰለፉት በዚሁ መመላለስ ነው።

ቅርጹ ሲያልቅ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግሉትና ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ውሃ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ 200 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ለ2 ሰዓት አቆዩት።

በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሹትና በውሃ የቀጠነ ፌሪክ ክሎራይድ (ብረት የሚበላ ኬሚካል) ውስጥ ክተቱት፤ ጓንት አይረሳ። ብረቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ነጫጭ መስመሮች እንደ ጅረት ሞገድ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።