የእበት ጥንዚዛን ተሳፋሪዎች እንዴት ማየት ይቻላል

እበት ውስጥ የምትርመሰመሰውን ጥንዚዛ የማያውቅ የለም። ገልብጦ ሆዷን ያየ ግን ጥቂት ነው። እዚያ፣ በእግሮቿ መሃል፣ ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ አለ። ለማየት አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ ትኩስ እበትና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ማጉያ ከሌለ በስልክ አጠጋግቶ ፎቶ ማንሳትም ይሠራል።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። ዝናብ መሬቱን ካለሰለሰ በኋላ ይሻላል። እበቱ ለኩበት ሳይለቀም ማልዳችሁ ውጡና ባለከብቱን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰሞኑን የትል መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል? አይቨርሜክቲን ከሆነ እበቱ ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ የጥንዚዛ እጮችን ሊገድል ስለሚችል፣ ሌላ ከብት ፈልጉ።

ከዚያ ወጥመዱ። ሃይላንዱን ከወገቡ ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ውሃ እንዳይቋጥር በምስማር ብሱትና ትንሽ አፈር ጨምሩበት። አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጠርዙ ትንሽ እንኳ ብቅ ካለ ጥንዚዛዋ ዞራው ትሄዳለች። የእንቁላል ያህል እበት በፋሻ ቋጥሩና ከአፉ በላይ በእንጨት አንጠልጥሉ። አመሻሽ ላይ የተጠመደውን ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እዩት። ኳስ የሚያንከባልሉት ዝነኞቹ ባይመጡ አይክፋችሁ፤ እዚያው ከእበቱ ስር ቆፍረው የሚቀብሩትም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ።

አሁን ጓንት አድርጉና ገልብጧት። በእግሮቿ ስር ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ቡናማ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ካያችሁ፣ ማይት የሚባሉት የመዥገር ዘመዶች ናቸው። ደሟን ሊመጥጡ የተሳፈሩ እንዳይመስላችሁ። ክንፍ የላቸውም፣ እበት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ወደ ሌላ ትኩስ እበት የምታደርሳቸው እሷ ናት። ማክሮኬሊስ የሚባሉት እንደደረሱ ይወርዱና የዝንብ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ ትል ይበላሉ። የዝንብ ትል ደግሞ የጥንዚዛዋን ምግብ ይሻማል። ሂሳባቸውን ከፈሉ ማለት ነው።

ካልቸኮላችሁ አንድ ሁለት ቀን የቆየ እበት በእንጨት አንሱና ስሩን እዩ። የተበሳሳ አፈር ካገኛችሁ ጥንዚዛዎቹ እበቱን እያወረዱት ነው፤ መሬቱ ማዳበሪያ ያገኛል፣ ግጦሹም ይጸዳል። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውስትራሊያ ታውቃለች። የአገሬው ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ፋንድያ ነበር። ከውጭ የገባው ከብት እበት ሜዳ ላይ ለወራት ይቆይና ዝንብ ያራባ ነበር። በሃንጋሪ ተወላጁ የነፍሳት ተመራማሪ በጆርጅ ቦርኔሚሳ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሮጀክት ተጀመረና ከአፍሪካ ጭምር ጥንዚዛ ገባ። እንቁላሎቹን አጽድተው ያስገቡ ስለነበር ማይቶቹ አብረው አልተሳፈሩም።

ስትጨርሱ ጥንዚዛዎቹን ከነተሳፋሪዎቻቸው ትኩስ እበት አጠገብ ልቀቋቸው። ጉድጓዱን ድፈኑ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።