ከአልጋ ሥር የወጣውን የድሮ ቲቪ ጌም እንዴት ነፍስ እንዝራበት?

ለጥምቀት ቤት ሲጸዳ ነው የተገኘው። እናቴ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። «ይኼ የእናንተ ነው። ወይ ውሰዱልኝ ወይ ልጣለው» አለችን። ከፈትነው። ቲቪ ጌማችን! ሁለት ጆይስቲክ፣ አራት ካሴት፣ የተጠላለፈ ገመድ። አዳፕተሩ የለም። ታላቅ ወንድሜ ምንም ሳይናገር መሬት ላይ ቁጭ አለና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

በ1990ዎቹ ጎንደር ላደገ ልጅ ይኼ ዕቃ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጆተኒ ከሚጫወቱት አጠገብ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሳንቲም ጨብጠን ተራ ጠብቀንበታል። ቤቱ ያለው ልጅ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ጓደኛ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ላይ ጫማ ይደረደራል።

ዛሬ እነዚያኑ ጌሞች ስልክ ላይ መጫወት ይቻላል። እኔ ግን ማሽኑን ራሱን አስነሡት እላለሁ። ስልክ የአንድ ሰው ነው። ቲቪ ጌም ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚጫወተው ነው። ደግሞም አብዛኞቹ አልሞቱም። ቆሽሸው ነው እንጂ። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስነሥተነዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁት ምን እንደሆነ እወቁ

እኛ ጋ የተለመደው ቲቪ ጌም የጃፓኑ ኩባንያ የኔንቲዶ «ፋሚኮም» የሚባል ማሽን ቅጂ ነው። ኔንቲዶ ፋሚኮምን ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ያዋለው ሐምሌ 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1983 መሆኑ ነው። ሥራውን የመሩት መሐንዲስ ማሳዩኪ ኡኤሙራ ይባላሉ። ቅጂዎቹ በኋላ በየአገሩ ተዳረሱ። መልካቸው ይለያያል፣ ውስጣቸው ግን አንድ ዓይነት ነው።

ለማረጋገጥ ካሴቱን ገልብጣችሁ ከታች በኩል እዩት። ወርቅማ የሆኑ ትናንሽ የብረት ጥርሶች ተደርድረዋል። በአንድ ወገን 30፣ በሌላው 30፣ በድምሩ 60 ከሆኑ የፋሚኮም ዓይነት ነው። 72 ከሆኑ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተሠራው ነው፤ እኛ በምናውቀው ማሽን ውስጥ አይገባም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካሴት ላምጣ ካላችሁ ይህችን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት።

የሚያስፈልገው ዕቃ ቀላል ነው። ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ አልኮል፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ ላጲስ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ እና ስስ ጨርቅ። አልኮሉ ውሃው ያነሰ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ 70ውም ይሠራል፣ በደንብ እስኪደርቅ መታገስ ነው። እጅ የምናጸዳበትን ጄል ግን አትጠቀሙ። የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

አዳፕተሩ ላይ አትቸኩሉ

ብዙ ቲቪ ጌም የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ዕቃውን ያገኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ቤት ያለ ማንኛውንም አዳፕተር ይሰካል። ጫፉ ገባ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም።

ማሽኑን ገልብጡና ከሆዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኛው ጊዜ ዲሲ 9 ቮልት ይላል። አንዳንዱ 5 ወይም 6 ይላል። ያ ቁጥር ሕግ ነው። የዋይፋይ ሳጥን አዳፕተር በብዛት 12 ቮልት ስለሆነ «ትንሽ ቢበልጥ ምን አለበት» አትበሉ። ማሽኑ ውስጥ ቮልቱን ወደ 5 የምታወርድ ትንሽ ዕቃ አለች። ትርፉን ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የምትለውጠው። ስትግል ስትግል ትቃጠላለች።

ሁለተኛው ነገር የፕላስና የማይነስ አቅጣጫ ነው። ቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ሥዕል አለች። መካከሏ ነጥብ፣ ዙሪያዋ ክብ፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ነጥቡ ከየትኛው ምልክት ጋር እንደተገናኘ እዩ። የኦሪጅናሉ ፋሚኮም መካከሉ ማይነስ ነው። ዛሬ የሚሸጠው አዳፕተር ደግሞ አብዛኛው መካከሉ ፕላስ ነው። ተገልብጦ ከተሰካ አንዴ ጭስ ይላል፣ አለቀ። ሥዕሉ ከጠፋ ቴስተር ወዳለው ጠጋኝ ውሰዱት። ከፍቶ በደቂቃ ይነግራችኋል።

ኦሪጅናሉን ከነጃፓን አዳፕተሩ ያገኘ ሰው ካለ ደግሞ ግድግዳ ላይ እንዳይሰካው። ያ አዳፕተር ለ100 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው።

እኛ ፒያሳ ወርደን ትንሽ ሱቅ ውስጥ ከድሮ ዕቃ ክምር 9 ቮልት አገኘን። ሻጩ ምን ልናደርግበት እንደሆነ ጠየቀን። ስንነግረው ፊቱ በራ። «ኮንትራ አላችሁ?» አለ፤ የተኩሱን ጌም ማለቱ ነው። አለን!

ካሴቱን እፍ አትበሉበት

ይኼን ስጽፍ ከልጅነቴ ጋር የተጣላሁ ያህል ይሰማኛል። ሁላችንም እፍ እንል ነበር። ካሴቱ እንቢ ሲል ይወጣል፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እፍ ይባላል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ይሠራል። እፍ ማለት የሚያውቅበት ልጅ ሁሉ ነበር፤ ከሰፈር ሰፈር ይጠራል።

ሲሠራ የነበረው ግን ትንፋሻችን አይደለም። ካሴቱ ወጥቶ ሲገባ ጥርሶቹ ከማሽኑ ብረት ጋር ይፋተጋሉ። ያ ፍትጊያ ነው ቆሻሻውን የሚገፈው። ትንፋሻችን ያመጣው እርጥበት ነው። እርጥበቱ ውሎ አድሮ ብረቱን ያጠቁረዋል፣ ያዝገዋል። ኔንቲዶ ራሱ እፍ አትበሉ ብሎ አስጠንቅቋል። በዚያ ላይ ካሴታችን ብዙ ክረምት አልጋ ሥር ከርሟል። ስናወጣው ጥርሶቹ ቡና የፈሰሰባቸው ይመስሉ ነበር።

አጸዳዱ ይኸው። ጥጡን አልኮል ነካ አድርጉ፣ አታርጥቡት። ጥርሶቹን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፣ ወደ ጎን አይደለም። ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል። ጣሉት፣ ሌላ ያዙ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙ። የእኛ አንዱ ካሴት ስምንት ጥጥ ጨርሷል።

አልኮል ያልለቀቀው ጥቁረት ካለ በላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፉና እንደገና በአልኮል ጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ቢላ፣ ጥፍር፣ በፍጹም። ከላይ ያለው ወርቅማ ሽፋን በጣም ስስ ነው። አንዴ ከተላጠ ዝገቱ ፈጥኖ ይመለሳል።

ከዚያ የማሽኑ አፍ አለ። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤቲኤም ካርዱን በስስ ጨርቅ አንድ ዙር ጠቅልሉት፣ አልኮል ነካ አድርጉት፣ ካሴት በሚገባበት በኩል አስገብታችሁ አውጡት። አምስት ስድስት ጊዜ። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ውስጡ ያሉትን ብረቶች ገፍቶ ያላላቸዋል። ከካሴቱ ጥርስ ውፍረት እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። ሲያልቅ ሁሉንም ግማሽ ሰዓት አየር ላይ ተዉት። ማሽኑ በዚህ ጊዜ ሁሉ ከሶኬት መነቀሉን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ጆይስቲኩ

አንድ ቁልፍ ጨብጣችሁ ካልተጫናችሁት አልሰማ ካለ፣ ችግሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት ውስጡን በስልክ ፎቶ አንሡ። የትኛው ላስቲክ የት እንደነበር በኋላ ይጠፋችኋል። ላስቲኩ ሥር ጥቁር ክብ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። አልኮል በነካ ጥጥ ለስለስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ፊት ለፊቱ ያለውንም ሰሌዳ እንዲሁ። የእኛዎቹ በዚህ ብቻ ተነሡ። ገመዱ ከውስጥ ከተቆረጠ በካውያ የሚበየድ ነው። ለጠጋኝ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቲቪው

እዚህ ላይ ምርጫዬን አልደብቅም። ከኋላው ሆዱ የወጣው የድሮ ቲቪ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለእሱ ነው። ቁልፍ ስትነኩ ማሪዮ ያኔውኑ ይዘላል። ፍላት ቲቪ ምስሉን ሲያዘጋጅ ጥቂት ይዘገያል። ያቺ ጥቂት ጉድጓድ ውስጥ ትከታለች። ያላችሁ ፍላት ብቻ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ካለ አብሩት፣ መዘግየቱ ይቀንሳል።

አሮጌውን ቲቪ በርካሽ ከገዛችሁ ተበላሽቶ ቢገኝ እንኳን ራሳችሁ አትክፈቱት። ውስጡ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሠራል። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይዞ ይቆያል። ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው።

ገመዱ የዲሽ ሪሲቨር ወይም የዲቪዲ ገመድ ነው። ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ። በሪሞቱ ኤቪ ላይ አድርጉ። ምስሉ ያለ ቀለም ወይም እየተንሸራተተ ከመጣ ማሽኑን አትጠርጥሩ። ቲቪው የማያውቀው የቀለም አሠራር ሆኖበት ይሆናል። ሜኑ ውስጥ የቀለም ሲስተሙን ከፓል ወደ አውቶ ቀይሩት። ማሽኑ ገመድ ማውጫ ከሌለው፣ የአንቴና መሰኪያ ብቻ ካለው ደግሞ ቲቪው ላይ ቻናል ፍለጋ አስጀምሩ። ማሽኑ ከበራ በኋላ መሆን አለበት።

አሁን አብሩት

እኛ ስናበራው መጀመሪያ ግራጫ ስክሪን ብቻ መጣ። አጠፋን፣ ካሴቱን አወጣን፣ መልሰን አስገባን። ወንድሜ አፉን ወደ ካሴቱ አስጠግቶ ነበር፣ ያዝኩት። ሁለተኛው ላይ ሙዚቃው ጀመረ። እናቴ ከማድ ቤት ሰምታ መጣች። ድምፁን ታውቀዋለች። ስንት ከሰዓት በኋላ አብሯት የጮኸ ድምፅ ነው።

ካሴቱ 9999999 ጌም እንዳለው ይናገራል። ውስጡ ያሉት ጥቂት ናቸው። እነዚያው ስማቸውና መነሻቸው እየተቀየረ ይደጋገማሉ። ግን እነዚያ ጥቂቶቹ! የእ.ኤ.አ. 1985ቱ ሱፐር ማሪዮ 8 ዓለም፣ በእያንዳንዱ 4፣ በድምሩ 32 ደረጃ አለው። ይኼ ሁሉ 40 ኪሎባይት ውስጥ ነው የተቀመጠው። በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በልጅነታችን የማናውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሪዮ ላይ ነፍስ ሁሉ አልቆ ጌሙ ሲያበቃ ከመጀመሪያ መነሣት ግዴታ አይደለም። መነሻው ስክሪን ላይ ኤ የሚለውን ተጭናችሁ ሳትለቁ ስታርት በሉ። ከሞታችሁበት ዓለም መጀመሪያ ያስነሣችኋል። ኮንትራ ላይ ደግሞ ስሙ በሚታይበት ስክሪን፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ስታርት። በ3 ነፍስ ፋንታ 30 ይሰጣል። ይኼ ኮድ የጌም አምራቹ የኮናሚ ባልደረባ ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ግራዲየስ ለሚባል ጌም እ.ኤ.አ. 1986 ያስገቡት ነው። ጌሙን ሲሞክሩ ስለከበዳቸው ለራሳቸው ያዘጋጁት ነበር።

የቲቪ ጌሙ መጫወቻ ሽጉጥ ያላችሁ ሰዎች የዳክዬ አደኑ ጌም ፍላት ቲቪ ላይ ካልሠራ ሽጉጡን አትጣሉት። ሽጉጡ አይተኩስም፣ ያያል። ምላጩን ስትስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ሽጉጡ ነጩን ካየ መታ ማለት ነው። ይኼ ሁሉ በድሮው ቲቪ ፍጥነት የተቆጠረ ስለሆነ፣ የሚዘገይ ስክሪን ላይ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ስታበቁ ካሴቱን ማሽኑ አፍ ላይ አትተዉት። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። አልጋ ሥር ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ።

እኛ ያን ምሽት ሰባተኛው ዓለም ደርሰን መብራት ጠፋ። ያች የኤ እና የስታርት ዘዴ መብራት ከጠፋ አትሠራም፤ ማሽኑ የሚያስታውሰው እስከበራ ድረስ ብቻ ነው። ሻማ አብርተን ቡና ጠጣን። መብራቱ ሲመጣ ከአንደኛው ዓለም ጀመርን። ስታርት ያለው ጆይስቲክ ቁጥር 1 ላይ ብቻ ነው። እሱን ዛሬም የያዘው ወንድሜ ነው።